ሞርታዴላው የምን ስጋ ነው? ዓርብ ዕለት ጣልያን ሱቅ የበላነው ምሳ

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀን ዋሽንግተን ስትመጣ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ነበር፣ የፍስክ ቀን። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የጣልያን ዴሊ ገባን። ዴሊ ማለት ግማሹ ሸቀጣሸቀጥ መሸጫ፣ ግማሹ ሳንድዊች ቤት ነው። መስታወቱ ውስጥ ስጋና አይብ ይደረደራል፣ ደንበኛው ፊት እየተቆረጠ በሚዛን ይሸጣል። እናቴ መስታወቱ ጋ ደርሳ ቆመች። ፊቷ በራ። "ሞርታዴላ!" አለች፣ የድሮ ጎረቤቷን ድንገት ያገኘች ይመስል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደስታዋ ይገባዋል። እኛ ቤት ሞርታዴላ የበሬ ስጋ ነው። በቀጭኑ ተቆርጦ ይገዛል፣ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ለልጆች ምሳ ይቋጠራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ከሌላ ነገር ቢሠራ ማን ይገዛዋል? እኔም አላሰብኩበትም። አሜሪካ 15 ዓመት ኖሬ፣ አሳማ የማልበላ ሰው ሆኜ፣ ቃሉን ከልጅነቴ ስለማውቀው ብቻ ስጋውንም የማውቀው መሰለኝ። አዘዝኩላት። ግማሹን በላች። የተረፈውን ቤት ይዘን ገባን፣ ትልቋ ልጄ ማሸጊያው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበችና "አባዬ፣ ይሄ እኮ አሳማ ነው" አለችኝ። ያለችው በእንግሊዝኛ ነበር። እናቴ የገባት ከኔ ፊት ነው።

ምንም አልተናገረችም። ተነስታ አፏን ተጉመጠመጠች። ማታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ለንስሐ አባቷ ደወለች። ምን እንዳሏት እስከዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሱቁን አልወቅስም። ማንም አልዋሸንም። የጠየቃቸው ሰው የለም እንጂ ብንጠይቅ ይነግሩን ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ እንደገና መጣች። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ትምህርት በሌለበት አንድ ዓርብ፣ ሰባት ሆነን እንደገና ጣልያን ሱቅ ምሳ በላን። ያንን ምሳ ከሐሳቡ እስከ ማግስቱ ድረስ እንዳለ ልጽፈው ፈልጌአለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ጋ ተመሳሳይ ቤተሰብ አለ። አንዱ ይጾማል፣ አንዱ አሳማ አይበላም፣ አንዱ ስጋ ጭራሽ ትቷል፣ አንዱን ደግሞ አንድ ፍሬ ለውዝ ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ ነው።

ሐሳቡን ያመጡት አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዲሲ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ። ያለፈውን ዓመት ጉዳይ ሰምተው ነበር። "እህቴን ዕድሜ ልኳን ከምትወደው ምግብ አታስፈራሯት" አሉኝ። "እኔ የማውቀው ሱቅ አለ። ሰዎቹ ሲጠየቁ ይመልሳሉ።" የሚሉት ሱቅ ሊተሪ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ፣ ሞርስ ስትሪት ላይ፣ ዩኒየን ማርኬት የሚባለው ሰፈር ውስጥ። ከ1926 ጀምሮ ያለ ሱቅ ነው።

የሰፈሩን ታሪክ መናገር ያስፈልጋል፣ ያለሱ የሱቁ ዕድሜ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ድሮ የዲሲ ትልቁ ገበያ ሴንተር ማርኬት ነበር፣ መሐል ከተማ፣ ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ። በ1931 ፈረሰ። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ነው፣ የነፃነት አዋጁና ሕገ መንግሥቱ የሚታዩበት ሕንፃ። ነጋዴዎቹ ተበተኑ። ብዙ ጅምላ ሻጮች ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዱ፣ ፍሎሪዳ ጎዳና አጠገብ፣ መስማት ለተሳናቸው ከተቋቋመው ከጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ጎን። እዚያ የተሠሩት ረጃጅም ዝቅተኛ የጡብ ሕንፃዎች ለብዙ ዓመታት የዲሲን ምግብ ቤቶች ሲመግቡ ኖሩ። አጎቴ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ምግብ ቤት ያላቸውን አበሾች ከነካርቶናቸው ከዚያ እየጫኑ ያመላልሱ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ተለወጠ። በ2004 አጠገቡ የሜትሮ ጣቢያ ተከፈተ። በ2012 አሮጌው አዳራሽ ታድሶ ወጣቶች ቡና የሚጠጡበት፣ ኦይስተር የሚበሉበት ቦታ ሆነ። ዛሬ ሞርስ ስትሪት ላይ ብትቆሙ ዙሪያው ፎቅ ነው። እናቴ ከመኪና ስትወርድ ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ሱቁን አየች። "ይሄንን እንዴት ተዉት?" አለች። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባኝ። በ2024 መጀመሪያ ፒያሳ ሲፈርስ እሷ አዲስ አበባ ነበረች። ያደገችበት፣ ተድራ የወጣችበት መንደር ነው። ምን መልስ እሰጣታለሁ?

ሰዓቱን የመረጠችው እናቴ ናት። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ ውኃም ቢሆን። ስለዚህ ምሳው በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ በአሜሪካኖቹ ከሰዓት ሦስት መሆኑ ነው። ልጆቹ አጉረመረሙ፣ ሙዝ ሰጠናቸው። በኋላ ሳስበው ለምሳው መሳካት ትልቁን ሥራ የሠራው ይህ ሰዓት ነው። የጣልያን ዴሊ በስድስትና በሰባት ሰዓት መሐል ለጥያቄ አይመችም። ሰልፉ በር ይደርሳል፣ ከኋላ ያለው ሰው ወደ ቢሮው መመለስ አለበት፣ የሚቆርጠውም ሰው ቀና አይልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከፊታችን የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

በሩን ስትገቡ መጀመሪያ ዴሊውን አታዩትም። ካውንተሩ ከኋላ ነው። እዚያ ለመድረስ በጠባቡ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ በተደረደረው ፓስታ፣ ዘይት፣ ወይንና የታሸገ ቲማቲም መሐል ማለፍ አለባችሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። እናቴ ከፊት ሆነች፣ እኛ ከኋላዋ ተሰለፍን፣ እሷ ስትቆም ሁላችንም እንቆማለን። ብዙ ቆመች።

መደርደሪያውን ማንበብ ጀመረች። እናቴ እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም። እዚያ መደርደሪያ ላይ ግን ከሁላችን በላይ አንባቢዋ እሷ ነበረች። "ፓስታ። ማካሮኒ። ላዛኛ።" ለሾርባ የሚሆነውን ደቃቁን ፓስታ አንስታ "ፓስቲኒ፣ ይኸው!" አለች። ኮምጣጤው ጋ ስትደርስ "አቼቶ" አለች፣ ጠርሙሱ ላይም የተጻፈው እሱ ነው፣ አቼቶ። ትንሹ ልጄ አያቱ ጣልያንኛ የምትችል መሰለው። "አያቴ፣ የት ተማርሽ?" አላት። "አማርኛ ነው እንጂ!" አለችው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አጎቴ በበኩላቸው ጋራዥ ውስጥ የተማሩትን ጨመሩበት። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ይህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ ከሰፈር ስሞቻችን ጋር። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው፣ መርካቶ ገበያ ማለት ነው። ቶሞካ እንኳ በ1953 ሲከፈት ስሙ የሦስት የጣልያንኛ ቃላት መነሻ ነበር፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ልጆቹ ጥያቄ አበዙ። መርካቶ ማለት ገበያ ከሆነ "መርካቶ ገበያ" ስንል "ገበያ ገበያ" ማለታችን ነው ወይ አለች ትልቋ። አዎ፣ ነው።

እናቴ እጇ ሳልሳው ላይ ነበር። ትንሽ ቆርቆሮ፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሁለት ጊዜ እስኪወፍር የተቀቀለ የቲማቲም ድልህ። እሷ ይህን ሳልሳ ትለዋለች፣ እኛም ሁላችን። አሜሪካ ውስጥ ሳልሳ ስጡኝ ብትሉ ግን የሜክሲኮውን፣ በቆሎ ቂጣ የሚጠቀስበትን ይሰጧችኋል። ጣልያኖቹ ራሳቸው ደግሞ ሳልሳ የሚሉት ማንኛውንም ማጣፈጫ ወጥ ነው። ፉርኖም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ዳቦና ነጭ ዱቄት፣ እነሱ ጋ ምድጃው። ፎርማጆ እነሱ ጋ አይብ ሁሉ ነው፣ እኛ ጋ ግን አይብ አይብ ነው፣ ፎርማጆ ደግሞ ያ ቢጫው፣ የሚቆረጠው። ቃላቱ ከእኛ ጋር 80 እና 90 ዓመት ኖረዋል፣ ያን ያህል ዘመን ተቀምጦ የማይለወጥ የለም። ያለፈው ዓመት ስህተቴ ሙሉ ለሙሉ የገባኝ እዚህ መተላለፊያ ውስጥ ቆሜ ነው። ሞርታዴላ ከእነዚህ አንዱ ነበር። የቦሎኛ ከተማ ሰዎች ስሙን ለአሳማ ስጋ አወጡት፣ በጣም ልሞ የተፈጨ፣ ነጭ ነጭ የጮማ ቁርጥራጭ የገባበት፣ አንዳንዴም ፒስታቺዮ የሚባለው ለውዝ መሳይ ፍሬ። አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙ ቀረ፣ ስጋው ተቀየረ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ሞርታዴላ ሐሰተኛ አይደለም። የእኛ ሞርታዴላ ነው። ነገር ግን አሜሪካ ካውንተር ላይ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ የቦሎኛውን ነው።

ካውንተሩ ጋ ደረስን። ትልቋ ልጄ ቤት እያለች ስልኳ ላይ ጥያቄዎች ጽፋ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከዓመት በፊት ስጋ አቁማለች፣ ስለዚህ ሌብል ማንበብ ሥራዋ ሆኗል። ያለፈው ዓመት ነገር በልቧ እንደቀረ ያወቅኩት ዝርዝሩን ሳይ ነው። የመጀመሪያው መስመር ስለራሷ አይደለም። "አያቴ፣ ዳቦው ውስጥ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ አለ?" ይላል።

ይህቺን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳታል። ተራው የጣልያን ዳቦ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነው፣ ለጾም ይሆናል። ግን የሳንድዊች ዳቦ እንዲለሰልስ ወተት ወይም እንቁላል የሚያስገቡ ዳቦ ቤቶች አሉ። ፎካቻም በወይራ ዘይት ብቻ ሳይሆን በአሳማ ስብ የሚሠራበት ሁኔታ አለ። ታራሊ የሚባለው ቀለበት መሳይ ደረቅ ብስኩትም እንዲሁ። ካውንተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ዳቦውን በዓይኑ አይቶ "ችግር የለውም" አላለም። ከኋላ ሄዶ የመጣበትን ከረጢት ይዞ መጣና ጽሑፉን ለልጄ አሳያት። አነበበች። ለእናቴ በአማርኛ ነገረቻት፣ "አያቴ፣ የጾም ነው።"

ከዚያ በኋላ የእናቴ ምሳ ቀላል ሆነ። የጣልያን ዴሊን የሚያውቁት በስጋው ብቻ ነው፣ ያ ትልቅ በደል ነው። በእሳት የተጠበሰና ልጣጩ የተነሳ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ፣ በዘይት የተቀመጠ አርቲቾክ፣ ወይራ፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ አትክልት፣ ሁሉም ጾም ናቸው። ጣልያኖቹም ጿሚ ሕዝብ ነበሩ፣ በተለይ ደቡቦቹ፣ ድህነቱም ሃይማኖቱም ስጋውን አራርቆባቸው ስለኖረ አትክልት ማጣፈጥ ያውቁበታል። እናቴ ዳቦዋን በቃሪያ፣ በአርቲቾክና በወይራ አስሞላች። ፔስቶ የሚባለውን አረንጓዴ ማጣፈጫ ልጨምር ወይ ሲላት ልጄ ፈጥና "አይ" አለች፣ አይብ አለበት። የወይራ ዘይት ግን እናቴ ራሷ በእጇ ምልክት ጨምር ጨምር አለችው።

የእህቴ ልጅ ነው ያስፈራኝ። አሥር ዓመቱ ነው። እናቱ ሥራ ስለነበራት ከነመርፌው፣ አለርጂው ሲነሳ ከሚወጋው ኤፒፔን ከሚሉት ጋር፣ ለእኔ አስረክባኛለች። ለውዝና መሰሎቹን አይነካም። ጣልያን ሱቅ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ልጅ ወጥመዱ ብዙ ነው። ብስኮቲው ውስጥ አልሞንድ፣ ቸኮሌቱ ውስጥ ሃዘልነት፣ ፔስቶው ውስጥ የጥድ ፍሬ ወይም ሌላ ለውዝ። እነዚህ ይታወቃሉ። የማይታወቀው የስጋ መቁረጫው ማሽን ነው። ፒስታቺዮ ያለበት ሞርታዴላ የተቆረጠበት ምላጭ ቀጥሎ ተርኪ ይቆርጣል፣ ቀጥሎ አይብ። አሜሪካ ውስጥ የጤና መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉት የምግብ ደንብ እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ላይ እያለ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ ይታጠብ ይላል። ያ ለጀርም ነው። ለአለርጂ 4 ሰዓት ረጅም ነው።

ስለዚህ ለሱ ከማሽኑ የወጣ ምንም ነገር አልገዛንም። ውኃ ውስጥ የሚቀመጠውን ትኩስ ሞዛሬላ አይብ፣ ቲማቲምና ዳቦ ለብቻ ወሰድን፣ ዳቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለሱም ደግመን አነበብን፣ የቆረጥንለትም ባለቤቴ ከቤት ባመጣችው ንጹሕ ቢላ ነው። ልጁ ራሱ "ማሽን ላይ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀ። በአሥር ዓመቱ ይህን መጠየቅ ማወቁ አኮራኝ፣ አሳዘነኝም።

አጎቴ ቱና አዘዙ። ይጾማሉ፣ ግን ዓሣ ይበላሉ። እናቴ በጾም ዓሣ አትበላም። ይህ ክርክር በእኛ ቤት ብቻ ያለ አይደለም፣ በየቤቱ አለ፣ እዚያ ካውንተር ፊት የሚፈታም አይደለም። እናቴ አየቻቸው። አጎቴ ወደ ወይራው ዞረው ማየት ጀመሩ። አለፈ። ትንሹ ልጄ አይብና ዳቦ ብቻ ነው የሚበላው፣ እሱ አላስቸገረም። ትልቋ ፓርሚጃኖ የሚሉትን አይብ ፈልጋ ተወችው። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ መርጊያ ነው፣ ሕጉ ሌላ አይፈቅድም፣ ስጋ ለተወ ሰው ይህ ጥያቄ ያስነሳል። እሷም ቃሪያ በዳቦ ሆነች፣ ከአያቷ ጋር አንድ ዓይነት። ሁለቱም በዚህ ደስ አላቸው።

የቀረነው እኔና ባለቤቴ ነን። ሁለታችንም አሳማ አንበላም፣ ዓርብን ግን ከትላልቆቹ አጽዋማት ውጭ አንጠብቅም። መስታወቱን ተመልክቱ ብል የሚታየው በሙሉ አሳማ ነው። ፕሮሹቶ የአሳማ ታፋና ጨው ነው፣ ከዓመት በላይ ተሰቅሎ የደረቀ። ሳላሚ፣ ካፒኮላ፣ ሶፕሬሳታ፣ አሳማ። ጥግ ላይ ግን አንድ ጥቁር ቀይ፣ ጮማ የሌለው፣ ክንድ የሚያህል ስጋ ነበር። ብሬሳኦላ። ከሰሜን ጣልያን፣ ከተራራማው ከቫልቴሊና አካባቢ የመጣ አሠራር ነው። የበሬ ታፋ በጨውና በቅመም ታሽቶ ለሳምንታት በአየር ይደርቃል። እሳት አይነካውም፣ ጭስም የለውም። ጣልያን አገር ከፈረስም ይሠራል። ስለዚህ ዘንድሮ የተማርኩትን ጥያቄ ጠየቅኩ፣ "ይሄ የምን ስጋ ነው?" "የበሬ።" "ብቻውን?" "ብቻውን።" ከዚያ ማሽኑን ጠርጎ አጥቦ እንዲቆርጥልን ለመንኩት። ዘጠኝ ሰዓት ባይሆን ኖሮ የምለምንበት ፊት አልነበረኝም። ምላጩን ፈትቶ አጠበው፣ ጓንቱን ቀየረ፣ ቆረጠ።

እናቴ ቆርጦ ሲደረድር እያየች ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ ብርሃን ያሳልፋል። ሰውየው ለመቅመስ አንዱን በወረቀት ዘረጋላት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች፣ ዓርብ ነው። ጠጋ ብላ አሸተተችው። "ቋንጣ ነው እኮ" አለችኝ። "በርበሬ የሌለው ቋንጣ።" ከዚያ እኔን ሳታማክር ሁለት ጣቷን አሳየችው። ሁለት እጥፍ ጨምር ማለቷ ነው።

ውጭ ወጥተን በላን። ጥቅምት ላይ ዲሲ ፀሐይ አላት። እናቴ ዳቦውን ቆርሳ ባረከች፣ መጀመሪያ ለልጆቹ ሰጠች። ዘይቱ በወረቀቱ ወረደ፣ ክንዷ ላይ ደረሰ፣ በሶፍት ጠረገችው፣ ቀጠለች። ሙሉውን ጨረሰች። የእናቴን አበላል ለማያውቅ ይህ ምንም አይደለም፣ እሷ ግን ሰው ቤት ግማሽ ትታ የምትነሳ ሴት ናት።

ትልቋ ልጄ አንድ ጥያቄ ነበራት፣ ሱቁ ውስጥ ያልጠየቀችው። "አያቴ፣ ጣልያኖች እኮ ኢትዮጵያን ወረዋል። እንዴት ምግባቸውን ትወጂዋለሽ?" አጎቴ ቱናቸውን አስቀመጡ። የእናቴ አባት አርበኛ ነበሩ። አምስቱን ዓመት ጫካ ነው ያሳለፉት፣ የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ከሞቱት መሐል ዘመዶቻቸው ነበሩ። እናቴ እሱን ሁሉ ለልጄ ነገረቻት፣ እኔ እንኳ ያልሰማሁትን ጭምር። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣልያን የሠራው መንገድ ላይ ሲሄዱ ዝም ይሉ እንደነበር ነገረቻት። ከጦርነቱ በኋላ ግን አንዳንድ ጣልያኖች እንደቀሩ፣ መካኒክና ዳቦ ጋጋሪ ሆነው እንደኖሩ፣ ፒያሳ ላይ ጎረቤቶቻቸው እንደነበሩ፣ አባቷም ከአንዱ ዳቦ ቤት ዳቦ ይገዙ እንደነበር። "ወደው ነው?" አለቻት ልጄ። እናቴ አሰበች። "ዳቦው ጥሩ ነበር" አለች። "አባቴ ግን ሰውየውን ሁልጊዜ በጦርነቱ ጊዜ የት ነበርክ ብሎ ይጠይቀው ነበር። ሁልጊዜ። ሳይጠይቅ ገዝቶ አያውቅም።" ሰውየው ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር አታስታውስም። ልጅ ነበረች።

ሊተሪን የከፈቱት ጣልያኖች በዚያ ታሪክ ውስጥ የሉም። በ1926 እነሱ ዲሲ ውስጥ ስደተኞች ነበሩ። በዚያ ዘመን እዚህ የነበሩት ጣልያኖች ብዙዎቹ ድንጋይ ጠራቢና የቀን ሠራተኛ ነበሩ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጸልዩበት፣ ሆሊ ሮዛሪ የሚባለው ቤተ ክርስቲያናቸው የተቋቋመው በ1913 ነው። የለመዱትን ዘይትና አይብ የሚያገኙበት ሱቅ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ በርበሬና እንጀራ የምንገዛባቸው ሱቆች አሉን፣ ግማሻቸው ሸቀጥ፣ ግማሻቸው ምግብ ቤት። ከኋላ ካውንተር አላቸው፣ ጥሬ ስጋ የሚቆረጥበት። ፈረንጅ ጓደኛዬ አንዱን ሲያይ "የኢትዮጵያ ዴሊ" ያለው ልክ ነው።

ከመሄዳችን በፊት እናቴ ተመልሳ ገባች። ብቻዋን፣ እንድከተላት አልፈለገችም። በመስታወቱ ሳይ ካውንተሩ ጋ ቆማ በጣቷ ወደ ሞርታዴላው እየጠቆመች ከሰውየው ጋር ታወራለች። አማርኛና ጣልያንኛ የሚጋሩትን ቃላት ሁሉ አውጥታ ነበር መሰለኝ። ስትወጣ በእጇ የያዘችው ስድስት ቆርቆሮ ሳልሳ ብቻ ነው። "ምን አልሽው?" አልኳት። "የእኛ አገሩ በበሬ ነው አልኩት። ሠርታችሁ አምጡ አለኝ።" ይህን ያለው በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም፣ እሷ ግን እንዲህ አለኝ ነው የምትለው።

ቅዳሜ ጠዋት በሽንኩርት ሽታ ነቃሁ። እናቴ ብሬሳኦላውን በእጇ ቦጫጭቃ ድስት ውስጥ ጨምራዋለች፣ በርበሬው ቀድሞ ቁሌቱ ውስጥ በስሏል፣ ከሳልሳዎቹም አንዱ ተከፍቷል። እንጀራውን ቆርሳ ፍርፍር አደረገችው። እጇ ከልማድ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ፣ ከዚያ ቆመችና ከድስቱ ጥቂት በማንኪያ አውጥታ ቀመሰች። ዕቃውን መለሰችው። ስጋው ጨው ጠግቦ ነው የመጣው።